ሜስካልን በጢሱ ብቻ አትለኩት

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ ሜክሲኮ መጠጦች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ለቴኪላ የሚገባውን ቦታ ሰጥታችኋል፣ ጥሩ ነው። ሜስካል ጋ ሲደርስ ግን ጸሐፊው በሁለት መስመር ዘጋው። ጢስ ጢስ የሚል ኃይለኛ አረቄ ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ትል አለበት፣ አሁን በአሜሪካ ባሮች ፋሽን ሆኗል፣ በቃ። ይህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። አንድ ሕዝብ ልጁን የሚድርበትና ሙታኑን የሚያስብበት መጠጥ እንዲህ ተጠቅልሎ ሲጣል ያናድደኛል።

የምጽፈው ደግሞ ለጸሐፊው ብቻ አይደለም። እዚህ ሎስ አንጀለስ ባር ያላቸው አንዳንድ የሐበሻ ቤቶችም ሜስካል መደርደር ጀምረዋል። ባለቤቶቹ ይህን ጋዜጣ ያነባሉ። የምለው በተለይ ለእነሱ ነው፣ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ለዓመታት የሠራሁት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ብዙዎቹ ከዋሃካ የመጡ ናቸው፣ ከደቡብ ሜክሲኮ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የዋሃካ ሰው በሽ ነው። የራሳቸው የናስ ባንድ አላቸው፣ የራሳቸው ዳቦ ቤት አላቸው፣ የአገራቸውን በዓል እዚሁ በየዓመቱ ያከብራሉ። ሜስካልን ያወቅሁት በእነሱ በኩል ነው። አንድ ባልደረባዬ የመንደራቸው ቅዱስ በሚነግሥበት ሰሞን ይዞኝ ሄዶ፣ አባቱ ሜስካል ሲያወጡ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን፣ ከእነሱ የሰማሁትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው።

መጀመሪያ ስለ ተክሉ ላውራ። ሜስካል የሚወጣው ከአጋቬ ነው፣ እነሱ ማጌይ ይሉታል። ቃጫ የምናወጣበት ሲሳል የዚሁ ዘር ስለሆነ መልኩን ለመገመት አይከብድም። ወፍራም ቅጠል፣ ጫፉ እሾህ። ቴኪላም ከአጋቬ ነው፣ ግን የሚፈቀድለት ሰማያዊው አጋቬ ብቻ ነው። ሜስካል የሚወጣባቸው ዓይነቶች ግን ብዙ ናቸው፣ ከእርሻም ከዱርም። ዋናው ኤስፓዲን የሚባለው ነው፣ ይተከላል፣ ከ6 እስከ 8 ዓመት አካባቢ ይደርሳል። ቶባላ የሚባለው ትንሽ የዱር አጋቬ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቴፔስታቴ ደግሞ ገደል ላይ ተጣብቆ እስከ 25 ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። 25 ዓመት! አንድ ሰው የተከለውን ልጁ ይቆርጠዋል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጊዜ ይቆረጣል፣ አለቀ። እንደ ወይን ወይም እንደ ገብስ በየዓመቱ የሚታጨድ ነገር አይደለም። የሜስካልን ዋጋ ስታዩ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

አጋቬ በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲደርስ ከመሃሉ ትልቅ አገዳ ይሰዳል፣ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል፣ ይሞታል። ሜስካል አውጪው ይህን አገዳ ገና ብቅ ሲል ይቆርጠዋል፣ ስኳሩ ወደ አበባው እንዳይሄድበት። ቅጠሉን በገጀራ መልምሎ የሚቀረውን ልብ ብቻ ይወስዳል። ይህን ልብ ፒኛ ይሉታል፣ አናናስ ስለሚመስል። የኤስፓዲን ፒኛ ከ50 ኪሎ የሚያልፍ አለ። እሱን በአህያ ወይም በፒካፕ ከተራራ ማውረድ በራሱ አንድ ሥራ ነው።

ማውጫ ቦታው በዋሃካ ፓሌንኬ ይባላል። ባለሙያው ፓሌንኬሮ፣ ወይም በአክብሮት ማኤስትሮ። ያየሁት ፓሌንኬ ግድግዳ እንኳ የለውም፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ክብ ጉድጓድ። ጉድጓዱ ውስጥ እንጨት ይነዳል፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ይከመራል። ድንጋዩ እስኪግል ይጠበቃል። ከዚያ የጋለውን ድንጋይ ባለፈው ዙር በተረፈ እርጥብ የአጋቬ ገለባ ይሸፍኑታል፣ ፒኛው በቀጥታ እንዳያርር። የተፈለጠው ፒኛ ይደረደራል። በሰሌን ይሸፈናል፣ አፈር ይለበሳል። አናቱ ላይ ትንሽ መስቀል ይተከላል። እንዲህ ሆኖ ከ3 እስከ 5 ቀን ይቀመጣል። ጸሐፊያችሁ የጠቀሰው ጢስ ከዚህ ነው የሚመጣው። ጉድጓዱ ግን የተቆፈረው ለጢሱ ተብሎ አይደለም። ጥሬ አጋቬ አይጣፍጥም፣ ወደ ስኳር የሚለውጠው ለረጅም ጊዜ የቆየበት ሙቀት ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት የመንደሩ ልጆች ቀድመው ይደርሳሉ። የበሰለው አጋቬ ቡናማ ሆኖ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ፣ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ጣፋጭ ነው። ልጆቹ ጭማቂውን መጠው ቃጫውን ይተፉታል።

ከዚያ ይጨፈለቃል። በብዙ ቦታ ታኦና የሚባል ትልቅ ክብ ድንጋይ አለ፣ ፈረስ ወይም በቅሎ እየዞረ ይጎትተዋል። ሳንታ ካታሪና ሚናስን በመሰሉ መንደሮች ደግሞ በእንጨት መዶሻ የሚቀጠቅጡ አሉ። ገለባውም ጭማቂውም አንድ ላይ ትልልቅ የእንጨት በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ይጨመርበታል። እርሾ አይጨመርም። አየሩ ላይ ያለው፣ እንጨቱ ላይ የተቀመጠው ያቦካዋል። ሞቃት ከሆነ በጥቂት ቀን ይደርሳል፣ ከበረደ ይዘገያል። የባልደረባዬ አባት ጆሯቸውን ወደ በርሜሉ አስጠግተው ያዳምጡ ነበር። ሲፈላ ድምፅ አለው። ድምፁ ሲበርድ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ቴርሞሜትር የለም፣ ሰዓት የለም።

ድፍድፉ ሁለት ጊዜ ይጣራል። አረቄ ሲወጣ አይቶ ላደገ ሰው ይህ አይከብደውም፣ ዳግም አረቄ እንደምንለው ነው። ማውጫው በአብዛኛው መዳብ ነው። ሳንታ ካታሪና ሚናስና ሶላ ዴ ቬጋ አካባቢ ግን እስካሁን በሸክላ የሚያወጡ አሉ። አንዱ ሸክላ በሌላው ላይ ይቀመጣል፣ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ይቀመጥበታል፣ እንፋሎቱ እሱን ሲነካ ይንጠባጠባል፣ በመቃ በኩል ይወጣል። ሸክላው ይሰነጠቃል፣ የሚወጣው ትንሽ ነው፣ ልፋቱ ብዙ ነው። ለአንድ ሊትር ሜስካል ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ፒኛ ይፈጃል፣ የዱሩ ደግሞ ከዚያ በላይ።

አሁን በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። የመጠጡን ኃይል የሚለኩት በመሣሪያ አይደለም። ማኤስትሮው ቀጭን መቃ ይይዛሉ። አንዱን ጫፍ ሜስካሉ ውስጥ ከተው በሌላው ይስባሉ፣ መቃው ሲሞላ በጣታቸው ይደፍኑታል። ከዚያ ወደ ሂካራ ይለቁታል፣ ሂካራ ከቅል የሚሠራ ጽዋ ነው። ሲወርድ አረፋ ይሠራል። ዕንቁ ይሉታል አረፋውን። አረፋው ትንንሽ ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ የሂካራውን ጠርዝ ይዞ ከቆየ ሜስካሉ ልክ ነው፣ ወደ 50 በመቶ አካባቢ። ቶሎ ከጠፋ ወይ በጣም በርትቷል ወይ በጣም ደክሟል። መጀመሪያ የወጣውንና መጨረሻ የወጣውን እየቀላቀሉ ያስተካክሉታል። ባልደረባዬ ከከተማ የተገዛ የአልኮል መለኪያ ይዞ ነበርና አባቱ ከገመቱ በኋላ ከተተው። እምብዛም አልተሳሳቱም። እሳቸው መለኪያውን ዞር ብለውም አላዩት።

ትሉን በተመለከተ ጸሐፊያችሁ ተሳስቷል። ጠርሙስ ውስጥ ትል መክተት በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ በሻጮች የተጀመረ ነገር ነው። የጥራት ምልክት አይደለም፣ የጥንት ልማድም አይደለም። የአጋቬ ትል ግን በዋሃካ በእርግጥ ይበላል። ደርቆ፣ ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈጭቶ፣ የብርቱካን ቁራጭ ላይ ተነስንሶ ከሜስካል ጋር ይቀርባል። ይጣፍጣል፣ አትፍሩት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ነው? ለባር አልነበረም። ለድግስ ነበር፣ አሁንም በመንደሩ ለድግስ ነው።

ዋሃካ ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳፖቴኮች ጌላጌትሳ የሚሉት ነገር አለ። ቱሪስቱ የሚያውቀው በሐምሌ ሰኞ ሰኞ በከተማው ኮረብታ ላይ የሚታየውን ትልቅ የጭፈራ ትርዒት ነው። የመንደሩ ጌላጌትሳ ግን ሌላ ነው። አንድ ቤተሰብ ልጁን ሲድር ጎረቤት ተርኪ ዶሮ ያመጣል፣ ሌላው በቆሎ፣ ሌላው ኮኮዋ፣ ሌላው ሜስካል። ይህ ስጦታ ብቻ አይደለም፣ ይጻፋል። ደብተር አለ። እገሌ ይህን ያህል ሊትር ሜስካል፣ እገሊት ሁለት ተርኪ። ነገ እገሌ ሲድር ያው ሜስካል በልኩ ይመለስለታል። ሰውየው ቢሞት ልጁ ይመልሳል። ባልደረባዬ ሎስ አንጀለስ ሰሃን እያጠበ የአባቱን ደብተር ዕዳ ሲከፍል አይቻለሁ። ገንዘብ ይልካል፣ እናቱ ሜስካሉን ገዝተው ወደ ሰርገኛው ቤት ይወስዳሉ፣ ስሙ ይሰረዛል። ብድር መላሽ ያድርገን የምንለውን እነሱ በደብተር ይዘውታል።

በዓሉ ላይ ደግሞ ካሌንዳ አለ። የናስ ባንዱ ከፊት፣ ሴቶቹ በአናታቸው የአበባ ቅርጫት ተሸክመው፣ ሁለት ሰው የሚያክሉ የወረቀት አሻንጉሊቶች እየተሽከረከሩ፣ መንገዱን ሞልተው ይሄዳሉ። መሃል መሃል ላይ ሜስካል የያዘ ሰው ይዞራል። አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ትንሽ ጽዋ። ይቀዳልሃል፣ ትቀምሳለህ፣ ጽዋውን ትመልሳለህ፣ ለቀጣዩ ይቀዳል። ሽማግሌዎቹ ከመቅመሳቸው በፊት ጥቂት ጠብታ መሬት ላይ ያፈሳሉ፣ ለምድሪቱና ለሞቱት። አይጨልጡትም። ሜስካል ይሳማል ነው የሚሉት፣ ከንፈር እያስነኩ በቀስታ። ለክፉውም ሜስካል፣ ለደጉም ሜስካል የሚል አባባልም አላቸው፣ የሰው ሁሉ አፍ ላይ ነው። ሜስካል አያሰክርም እያልኩ አይደለም፣ ያሰክራል፣ እዚያም የጎዳቸው ሰዎች አሉ። ግን በሰው መካከል ተቀምጦ፣ በሰው እጅ ተቀድቶለት፣ ሲበዛበት የሚያየው እያለ መጠጣትና ባር ቤት ብቻውን ሦስት ሾት መገልበጥ አንድ አይደሉም።

ለትልቅ ድግስ የሚወጣ ፔቹጋ የሚባል አለ። ሁለት ጊዜ የተጣራው ሜስካል ለሦስተኛ ጊዜ ሲጣራ ፍራፍሬና ቅመም ይገባበታል፣ የዶሮ ወይም የተርኪ ደረት ደግሞ ማውጫው ውስጥ ይንጠለጠላል፣ እንፋሎቱ በእሱ ላይ እንዲያልፍ። እየቀለድኩ አይደለም። የሥጋ ሽታ የለውም፣ ለስለስ ያለ ነው። እኔ የቀመስኩት ለሰርግ ተብሎ የተቀመጠ ነበር።

በጥቅምት ወር፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 እና 2፣ የሙታን ቀን ነው። በየቤቱ መሠዊያ ይሠራል፣ ቢጫ አበባ፣ ሻማ፣ ዳቦ፣ ሟቹ የሚወደው ምግብ። ሟቹ ሜስካል ይወድ ከነበረ የሜስካል ጽዋ አብሮ ይቀመጥለታል። ሎስ አንጀለስ ባልደረቦቼ ክፍል ውስጥ ሳይቀር፣ ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ከእናታቸው ፎቶ አጠገብ አይቻለሁ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሜክሲኮ የሜስካልን ስም በሕግ ያስጠበቀችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፣ ከቴኪላ ሃያ ዓመት ዘግይታ። ከዚያ ወዲህ ዕውቅና ያላቸው አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በታች ነበር። በ2022 ከ14 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሆነ። አብዛኛው ከዋሃካ ነው። ትልልቆቹ የዓለም መጠጥ ኩባንያዎች ገቡበት፣ ፔርኖ ሪካር በ2017፣ ዲያጆ በ2021፣ ባካርዲ በ2023 የሜስካል ብራንዶችን ገዙ ወይም ዋና ባለድርሻ ሆኑ። ሥራ ተገኘ፣ ልጆች ከስደት ቀሩ፣ አንዳንዱ ቤት ሠራ። ይህን አልክድም። ግን ያን ያህል ሜስካል ለማውጣት ያን ያህል አጋቬ መቆረጥ አለበት፣ ለጉድጓዱም ያን ያህል እንጨት። የሜስካል የዓለም ዋና ከተማ ነኝ በምትለው ሳንቲያጎ ማታትላን ዙሪያ ኮረብታው ኤስፓዲን ብቻ በኤስፓዲን ሆኗል። ከማጣራቱ የሚተርፈው ትኩስ፣ አሲዳም ፈሳሽ ወንዝ ውስጥ የሚደፋበት ቦታ አለ።

የዱሩ ደግሞ ይብሳል። ቶባላ ከሥሩ ግልገል አያወጣም፣ የሚራባው በዘር ብቻ ነው። ዘር እንዲሰጥ ማበብ አለበት። ለሜስካል የሚቆረጠው ግን ሳያብብ ነው። የደረሰውን ሁሉ ከቆረጥከው ዘር ከየት ይመጣል? አበባው ደግሞ የሌሊት ወፍ ምግብ ነው። የሌሊት ወፎቹ በማታ ከአበባ አበባ እየዞሩ ማሩን ሲልሱ የአበባውን ዱቄት ያዳርሳሉ። አበባ ከሌለ እነሱም የሚበሉት ያጣሉ፣ እነሱ ከሌሉ አጋቬው ዘር አይዝም። የገባቸው አምራቾች ከማሳቸው የተወሰኑትን ሳይቆርጡ ያብቡ ብለው ይተዋሉ። በአንድ ተክል የሚያገኙትን ገንዘብ ትተው ነው ይህን የሚያደርጉት። ሳያተርፉ የሚያደርጉትን ገዢው ካልከፈላቸው እስከመቼ ይቀጥላሉ?

ስለዚህ ሜስካል የምትሸጡ ወገኖቼ፣ ጠርሙሱን አንብቡ። የሜክሲኮ ሕግ ሜስካልን በሦስት ይከፍለዋል። ዝም ብሎ ሜስካል የሚለው በፋብሪካ ማሽን ሊሠራ ይችላል፣ አጋቬው በጉድጓድ ባይበስልም ሕጉ አይከለክለውም። አርቴሳናል የሚለው በእሳት፣ በጉድጓድ ወይም በድንጋይ ምድጃ የበሰለና በመዳብ ወይም በሸክላ የወጣ ነው። አንሴስትራል የሚለው ደግሞ የድሮው፣ ጉድጓድና ሸክላ፣ ማሽን የማይነካው። አርቴሳናል ወይም አንሴስትራል የሚል ቃል ከሌለ አትቸኩሉ። ከዚያ የመንደሩን ስም ፈልጉ። የማኤስትሮውን ስም ፈልጉ። የአጋቬውን ዓይነት ፈልጉ። ደህና ጠርሙስ እነዚህን ይጽፋል። የአጋቬ ድስቲሌት (ከአጋቬ የተጣራ አረቄ) ብቻ የሚል፣ ሜስካል የማይል ጠርሙስ ካጋጠማችሁም አትናቁት። አንዳንዱ ትንሽ አምራች በሜስካል ስም ለመሸጥ የሚጠየቀውን የምስክር ወረቀት ወጪ ስለማይችል፣ አያት ቅድመ አያቱ ሲያወጡት የኖሩትን ያለ ስሙ ለመሸጥ ተገዷል።

የዱር አጋቬ ከሆነ፣ ቶባላ ወይም ቴፔስታቴ፣ አከፋፋዩን በግልጽ ጠይቁት፣ የሚቆርጡት መልሰው ይተክላሉ ወይ በሉት። መልስ ከሌለው ኤስፓዲን ውሰዱ። ኤስፓዲን ዝቅተኛ አይደለም፣ በጥሩ እጅ የወጣ ኤስፓዲን ብዙ የዱር ስም ከለጠፈ ጠርሙስ ይበልጣል። በጣም ርካሽ ነው ብለው ካመጡላችሁ ከዋጋው ላይ የታክስ፣ የመርከብ፣ የአከፋፋዩንና የጠርሙሱን ቀንሱና ለገበሬው ምን እንደቀረው አስሉት። ደንበኛችሁ ሾት ብሎ ሲያዝም በሾት መስጫ አትስጡት። በትንሽ ሰፊ ብርጭቆ፣ ያለ በረዶ፣ ከብርቱካን ጋር አቅርቡለት፣ ቀስ በል በሉት።

እናንተም አዘጋጆች፣ ስለ መጠጥ መጻፋችሁ አልከፋኝም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ዋሃካ ስትደርሱ ከሁለት መስመር በላይ ስጡት፣ እዚህ ከተማ ያሉ የዋሃካ ሰዎችንም አነጋግሩ። በምግብ ቤቱ ጓዳ በር ግቡና ጠይቁ፣ ብዙዎቹ አባታቸው ወይም አጎታቸው ፓሌንኬ አለው፣ ስለሱ ማውራት ደግሞ ይወዳሉ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሎስ አንጀለስ